ሁለት ወረቀት

በጋሊሲያ ዳርቻ፣ ዝናብ ከባሕር ሲገባ በጎን፣
ከቤተ መጻሕፍታችን በር አጠገብ ዘረጋሁ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን፦
አንዱ «ማንበብ ልማር» ለሚል፣
አንዱ «ትርፍ ጊዜ አለኝ፣ ልርዳ» ለሚል።
ወረቀቱ ያው፣ መስመሩ ያው፣ ቀለሙም ያው ነው፤
ልዩነቱ አናቱ ላይ የተጻፈው ነው።
ማንበብ የማይችል ሰው የቱን ይምረጥ ብዬ ነው?
ይህን የጠየቅሁት ስድስት ወር ዘግይቼ ነው።

ኤላዲዮ ገባ፤ ስድሳ ስምንት ዓመቱ፣
ገመድ የሸረሸረው መዳፍ፣ ጨው የጠገበ ኮቱ፤
ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ጀልባ ነበር ትምህርት ቤቱ።
ይህን ግን ያኔ አላወቅሁም።
ባርኔጣውን አወለቀ፤ አንዳች አልጠየቀኝ፤
ብዕሩን እንደ መንጠቆ ጨብጦ ምልክት አደረገ፣ በስተቀኝ።
ስሙን እኔው ጻፍሁለት፣
ጣቱ ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ሁሉ እንደማደርግለት።

በስተቀኝ ያለው የረዳቶቹ ነበር።
እኔም ሰው ጠፍቶብኝ ስጨነቅ ነበር፤
የሸራ ቦርሳ፣ ሰባት መጽሐፍ፣ የሰባት ቤት አድራሻ ሰጠሁት፤
«ሐሙስ ሐሙስ፣ ከቤት ለማይወጡት» አልሁት።
አፉን ከፈተ። ዘጋው።
ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣለው፣
እንደ እርጥብ መረብ።

እንዴት እንዳደለ የሰማሁት ቆይቼ ነው፦
«ሰማያዊው ለሬሜዲዮስ፣ ወፍራሙ ለጉምሩኩ ሰውዬ» እያልሁ ስለምለፈልፍ፣
ቃሌን በጆሮው ይዞ ይወጣ ነበር፣ ሳያዛንፍ።
ቤቱን በውሻው ያውቃል፣ በበሩ ዝገት፣ በጭሱ፤
መርከብ የተሳለበትን ግን ሁለት ቀን አስቀረው ለራሱ፤
«ሸራው ወደ ምሥራቅ ተነፍቶ ባንዲራው ወደ ምዕራብ!»
እያለ ብቻውን ይስቅ ነበር።
አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳተ፤ የሬሜዲዮስ የፍቅር ታሪክ ለጉምሩኩ ሰውዬ ደረሰ፤
ሰውየው ደውሎ «ሁለተኛው ቅጽ የታለ?» እያለ ሳምንቱን ጨረሰ።

የመጨረሻዋ ቤት ዶሲንዳ ናት፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ፣
ከፖስታ ቤት መስኮት ኋላ ያለቀ ወጣትነቷ።
ደብዳቤ የያዘ እጅ አርባ ዓመት ስታይ ኖራለች፤
የሚያነብ እጅ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዞራል፣
የማያነብ ወደ ሰው።
ኤላዲዮ መጽሐፉን ወደ እሷ ሲያዞር፣ አወቀች።
ምንም አላለች።

ስልክ ግን ደወለች። «ፊደሉ ጎላ ያለ ይሁንልኝ፣ ዓይኔ ደከመ።»
በሳምንቱ፦ «ቃሉ ያነሰ።»
በሳምንቱ፦ «ዳክዬ ያለበት፣ በቀለም የታተመ።»
ዳክዬ! አእምሮዋ ሄደ ብዬ፣ ቪጎ ላለችው የእህቷ ልጅ ደወልሁ ፈርቼ፤
«ትናንት በካርታ ገፈፈችኝ፤ ግብሬንም አሰላችልኝ» ብላ ሳቀች፤
ስልኩን ዘጋሁ ግራ ተጋብቼ።

ብርዱ እንዲህ አለፈ። በመጋቢት ዶሲንዳ ወፍራም ልብ ወለድ አዘዘች፣
ፊደሉ እንደ ጉንዳን የደቀቀ።
«ዓይንዎስ?» አልኋት።
«ዳነ» አለች፤ ወሬው አለቀ።

በዚያው ሐሙስ ኤላዲዮ ባዶ ቦርሳውን አኑሮ ጠረጴዛው ጋ ቆመ።
ወረቀቶቹ እዚያው ናቸው፣ ጠርዛቸው ወይቦ።
ጣቱን ከፊደሉ ሥር አስገብቶ፣ እንደ ዓሣ አጥንት እየለቀመ፣
«ማን… በብ… ል… ማር» አለ።
ወደ ቀኙ ዞረ። ያንንም አነበበ። ረጅም ጊዜ ወሰደ።
ጆሮው ቀላ።
ቀና ሲል ሊወቅሰኝ መሰለኝ፤
ምላሴ ላይ ይቅርታ አዘጋጅቼ ጠበቅሁት።
«ይሄ» አለኝ፣ «‹ትርፍ› አይልም። ‹ትፍ› ነው የሚለው።»

እውነቱን ነው። አንድ ፊደል ጎድሏል።
ሐኪሙ አልፎበታል፣ ቄሱ አልፈውበታል፣
እኔም በየማለዳው፣ ቁልፌን ሳስቀምጥ፣ እላዩ ላይ።

አሁን ወረቀቶቹን አንስቻለሁ።
በሩ አጠገብ ወንበር አለ፤ ሐሙስ ረፋዱን ኤላዲዮ ይቀመጥበታል፣
ዣንጥላ ይቀበላል፣ ዝናቡን ያማል፤
አንድ ሰው ገብቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ግድግዳውን እያየ ዝም ሲል፣
እሱም ትንሽ ዝም ይላል፤
ከዚያ በቃሉ ይጠይቀዋል፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ።